ግራ አንጎል፣ ቀኝ አንጎልና ቋንቋ መማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሰሜን ሸዋ ልጅ ቋንቋ የሚሰማው ከየአቅጣጫው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ግዕዝ አለ። ከአንኮበር ወደ ቆላው ሲወረድ አርጎብኛና አፋርኛ ይጨመራል፤ በአዋሳኙ ደግሞ ኦሮምኛ አለ። ስለዚህ ወላጆችና መምህራን ስለ አንጎልና ስለ ቋንቋ ብዙ ይጠይቃሉ። አብዛኛው ጥያቄ የሚነሳው ግን ከአንድ ወሬ ነው፦ «ይህ ልጅ ቀኝ አንጎል ነው፣ ቋንቋ አይሆንለትም» ከሚል። ይህ ወሬ ልጆችን ከወንበራቸው እያስነሳ ኋላ ያስቀምጣል። ዝም ብዬ ላልፈው አልፈልግም። ከታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቋንቋ ያለው በግራ አንጎል ነው የሚባለው እውነት ነው?

በአብዛኛው ሰው ላይ፣ አዎ። አንጎል ግራና ቀኝ ሆኖ ለሁለት የተከፈለ ነው። ግራው የቀኙን የሰውነት ክፍል ያዛል፤ ቀኙ የግራውን። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ኮርፐስ ካሎሰም የሚባል ወፍራም የነርቭ ድልድይ ነው። ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ክሮች አሉት።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1861 ፓሪስ ውስጥ ነው። ሌቦርኝ የሚባል ሕመምተኛ ነበር። የሚሉትን ይሰማል፣ ይገባዋልም። ሊመልስ ሲሞክር ግን ከአፉ የሚወጣው «ታን» የሚል ድምፅ ነው። «ታን፣ ታን»። ሲሞት ሐኪሙ ፖል ብሮካ አንጎሉን መረመረ። የተጎዳው የግራው አንጎል የፊተኛው ክፍል ሆኖ ተገኘ። ብሮካ ሌሎች ሕመምተኞችንም ተከታትሎ በ1865 «የምንናገረው በግራው አንጎላችን ነው» አለ። በ1874 ደግሞ ካርል ቬርኒኬ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሌላውን ገጽ አሳየ። ከጆሮ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ባለው የግራ አንጎል ክፍል የተጎዱ ሰዎች አፋቸው አይያዝም። ንግግሩ ይፈሳል፤ ፍሬ ግን የለውም። ሌላው የሚላቸውም አይገባቸውም።

ዛሬ የምናውቀው ይህ ነው። በቀኝ እጃቸው ከሚጽፉ 100 ሰዎች 95 ያህሉ ቋንቋን በዋናነት የሚያካሂዱት በግራ አንጎላቸው ነው። ከግራኞች ደግሞ ከ100 ወደ 70 የሚሆኑት እንዲሁ ናቸው። የቀሩት በቀኙ ወይም በሁለቱም ያካሂዱታል። እነሱም እንደማንኛውም ሰው ያወራሉ፣ ያነባሉ፣ ይማራሉ።

«በዋናነት» የሚለውን ቃል ግን አትዝለሏት። ግራው ብቻውን የሚሠራው ቋንቋ የለም።

ይህን በሕይወት ባለ ሰው ላይ እንዴት አወቁት?

በ1949 ጁን ዋዳ የተባለ ሐኪም አንድ ዘዴ አስተዋወቀ። የአንዱን ወገን አንጎል በመድኃኒት ለጥቂት ደቂቃ ማስተኛት ነው። ግራው ሲተኛ ሰውየው መናገር ካቆመ፣ ቋንቋው እዚያ ነው ማለት ነው። የአንጎል ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ኖሯል። አሁን ብዙውን ኤምአርአይ በሚባል የምስል መሣሪያ ማየት ይቻላል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የአሜሪካዊው የአንጎል ተመራማሪ የሮጀር ስፔሪ ሥራ ነው። ለዚህ ሥራው በ1981 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ከባድ የሚጥል በሽታ ያለባቸውና ለሕክምና ሲባል የነርቭ ድልድዩ የተቆረጠላቸውን ሰዎች አጠና። ሰውየው ፊት ለፊት አንድ ነጥብ ላይ ያፈጥጣል። በስተግራ በኩል የማንኪያ ሥዕል ብልጭ ይልለታል። ያ ሥዕል የሚደርሰው ለቀኙ አንጎል ብቻ ነው። «ምን አየህ?» ሲባል «ምንም» ይላል። ነገር ግን ግራ እጁን ከመጋረጃ ሥር አስገብቶ በዳሰሳ ማንኪያዋን ለይቶ ያነሳል። ቀኙ አንጎል አይቷል፣ ዐውቋል። የሚናገርበት አፍ ግን በግራው አንጎል ሥር ነው።

ቀኙ አንጎል ታዲያ በቋንቋ ውስጥ ምን ይሠራል?

ብዙ! እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ትምህርት ቤቶቻችን የሚረሱት ይህንኑ ነውና።

«እሺ» የምትለዋን ውሰዱ። እናት ልጇን ከብት መልስ ስትለው «እሺ» ይላል፤ ይህ መታዘዝ ነው። ሲያጠፋ አይታው «እሺ!» ካለችው ደግሞ ማታ የሚጠብቀው አለ። ገበያ ላይ ሻጩ ዋጋ ሲጠራባት «እሺ...» ብላ ከጎተተችው ልትሄድ ነው። ፊደሉ አንድ ነው። የሚለየው ዜማው ነው። ይህን የድምፅ ከፍታና ዝቅታ፣ ቁጣና ፍቅር ለይቶ በመያዝ በኩል ቀኙ አንጎል ትልቅ ድርሻ አለው። ቀኙ የተጎዳበት ሰው ዓረፍተ ነገሩን አሳክቶ ይናገራል፤ ድምፁ ግን ደረቅ ሊሆን ይችላል። የሌላውን ቁጣም ከድምፁ ላይለይ ይችላል። ቀልድ ሲነገረው ቃል በቃል ሊወስደው ይችላል። «በር ክፍት ነው እንዴ፣ በረደኝ» ስትሉት «አዎ፣ ክፍት ነው» ብሎ ይቀመጣል።

ቅኔ የሰማ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ሰሙን ይዞ ወርቁን ለመፈለግ አንዱን ቃል በሁለት መንገድ መያዝ ያስፈልጋል። ያልተለመደ ዘይቤን ለመፍታት ሁለቱም ወገኖች እንደሚሳተፉ ብዙ ጥናቶች ያሳያሉ። ስለ አማርኛ ቅኔ በአንጎል ምስል የተሠራ ነገር ጠቅሼ አይደለም ይህን የምለው። ግን አንድ ሰው ቋንቋ ቻለ የምንለው ነገሩን ከነዜማው፣ ከነለዛው፣ ከነአሽሙሩ ሲረዳ ነው። ለዚያ ደግሞ ሁለቱም ወገን ያስፈልጋሉ።

«ልጅህ ቀኝ አንጎል ነው፣ ሥዕል እንጂ ቋንቋ አይሆነውም» ተባልኩ። ምን ላድርግ?

አይቀበሉት። «ግራ አንጎል» እና «ቀኝ አንጎል» የሚባሉ የሰው ዓይነቶች የሉም። በ2013 የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 29 የሆኑ 1,011 ሰዎችን የአንጎል ምስል መረመሩ። አንዳንድ ሥራዎች በእርግጥ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያደላሉ። ነገር ግን በአጠቃላይ ግራው የበረታለት ወይም ቀኙ የበረታለት ሰው አላገኙም።

ግራው ለቋንቋ ያደላል ማለት አንድ ነገር ነው። «አንተ የግራ ሰው አይደለህም፣ ተወው» ማለት ግን ፍጹም ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሳይንስ ነው። ሁለተኛው የልጅን ተስፋ መቁረጥ ነው። ልጁ እንግሊዝኛ ከከበደው ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጉ። ይሰማል ወይ? ሰሌዳው ይታየዋል ወይ? ቤት ውስጥ የሚያነበው ነገር አለ? ክፍል ውስጥ በቋንቋው አፉን ከፍቶ ያውቃል? ከሃምሳ በላይ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል አንዳንዱ ልጅ ሙሉ ሳምንት አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይናገር ይወጣል። ይህን አንጎሉ ላይ ማሳበብ ግፍ ነው።

ልጄ ግራኝ ነው። ቀኝ እጁን ላስለምደው?

ለመጻፍ ከሆነ፣ አይ። ከዓለም ሕዝብ ከ10 ሰው አንዱ ያህል ግራኝ ነው። በሽታ አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። ቀደም ብዬ እንዳልኩት ከግራኞችም አብዛኞቹ ቋንቋን የሚያካሂዱት በግራው አንጎላቸው ነው። እጁን በማስቀየር ቋንቋው ይሻላል ተብሎ የሚጠበቅ ነገር የለም። የሚተርፈው ልጁ ፊደል መጣል በጀመረበት ወቅት እስክሪብቶውን መፍራት ነው።

በግራ እጅ መብላትና ዕቃ መስጠት በእኛ ዘንድ ነውር እንደሆነ ዐውቃለሁ። የማዕዱን ሥርዓት ቤተሰቡ ይወስን። ደብተሩን ግን ይተዉለት።

ለመምህራን ደግሞ ትንንሽ ነገሮች አሉ። ሦስት ልጆች በአንድ ዴስክ ሲቀመጡ ግራኙን ግራ ጫፍ ላይ አስቀምጡት። መሐል ወይም ቀኝ ጫፍ ከሆነ ክርኑ ከጎረቤቱ ክርን ጋር ሲጋጭ ይውላል፤ ጽሑፉም ይበላሻል፣ ጠቡም አይቀርም። ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፍ የግራኝ እጅ አሁን የጻፈውን ይጠርገዋል። ደብተሩን ወደ ቀኝ ትንሽ ያዘንብለው። እስክሪብቶውን ከጫፉ ራቅ አድርጎ ይያዝ። ያኔ የጻፈውን ያያል፣ ቀለሙም አይለቀልቅም። በእነዚህ ነገሮች ብቻ «እጀ መጥፎ» ሲባል የኖረ ልጅ ጽሑፉ ሲቃና ይታያል።

ሁለት ቋንቋ አብሮ ማስተማር ሕፃኑን አያምታታውም?

አያምታታውም። አርጎባው፣ አማራውና አፋሩ ሲገናኝበት በኖረው በአልዩ አምባ ገበያ ያደገ ልጅ ሁለት ሦስት ቋንቋ መስማት ብርቁ አይደለም። ልጁ አንዳንዴ ይቀላቅላል። መቀላቀሉ ግን መምታታት አይደለም፤ የጎደለውን ቃል ካለው መበደር ነው።

ሕፃናት ከተወለዱ እስከ ስድስትና ስምንት ወር ድረስ የብዙ ቋንቋዎችን ድምፆች ይለያሉ። ወደ አንድ ዓመት ሲጠጉ ጆሯቸው በሚሰሙት ቋንቋ ላይ ይሳላል፤ የሌላው ይደበዝዛል። የእኛ ሕፃን «ተ»ን ከ«ጠ»፣ «ከ»ን ከ«ቀ» ያለ ችግር ለይቶ ያድጋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጎልማሳ እነዚሁን ለማውጣት ላቡ ጠብ ይላል።

አንድ ጥናት ወላጆች ሁሉ ቢያውቁት እወዳለሁ። በ2003 ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ የዘጠኝ ወር ዕድሜ ላላቸው አሜሪካውያን ሕፃናት ቻይንኛ አሰሙ። ገሚሶቹ ጋር ሰው ተቀምጦ እያጫወተ አወራላቸው። ሌሎቹ ያንኑ ሰው በቪዲዮ አዩ ወይም በድምፅ ብቻ ሰሙ። ድምፆቹን የተማሩት ሰው ያጫወታቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ እንግሊዝኛ ይልመድ ብሎ ሕፃንን ስልክ ላይ ጥሎ መሄድ ከንቱ ድካም ነው። አያት ኦሮምኛ ወይም አርጎብኛ የሚያውቁ ከሆነ፣ ያውሩለት። አያት ከየትኛውም ስክሪን ይበልጣሉ።

ስለ ግራና ቀኙ ከሆነ፦ ሁለት ቋንቋ በጨቅላነት የለመዱ ሰዎች ሁለቱንም ወገን በተቀራረበ መጠን የመጠቀም ዝንባሌ እንዳላቸው፣ ዘግይተው የተማሩት ደግሞ ወደ ግራ እንደሚያደሉ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። አንዱ ከሌላው ይሻላል ማለት አይደለም።

እኔ ጎልማሳ ነኝ። አልፎብኛል?

አላለፈብዎትም። ይህ ፍርሃት የመጣው የቋንቋ ተመራማሪው ኤሪክ ሌነበርግ በ1967 ካቀረበው ሐሳብ ነው። ቋንቋ ወደ ግራው ተጠቃሎ የሚያልቀው እስከ ጉርምስና ባለው ጊዜ ነው፣ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል የሚል ነበር። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን ገና በጥቂት ወራቸው ያሉ ሕፃናት ንግግር ሲሰሙ ግራ አንጎላቸው ይበልጥ እንደሚነቃ አሳይተዋል። ማድላቱ ከመጀመሪያውም አለ። በሩም ድንገት አይዘጋም።

በ2018 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ወደ 670,000 የሚጠጉ ሰዎችን የእንግሊዝኛ ሰዋስው ፈትኗል። ሰዋስውን በቀላሉ የመያዝ ችሎታ እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ገደማ እንደሚዘልቅ አገኘ። ከዚያ በኋላ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። እንደ አፍ መፍቻ አድርጎ ለመናገር ግን ከ10 ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመር ይመረጣል። ዘዬው ይቀርብዎት ይሆናል። ደብዳቤ መጻፍ፣ ሥራ መሥራት፣ ወግ መጠረቅ ግን አይቀርብዎትም።

በስዊድን የጦር ኃይል የአስተርጓሚዎች ትምህርት ቤት የተደረገውን ደግሞ እዩ። ወጣቶቹ ዐረብኛ፣ ሩሲያኛ ወይም ዳሪ ሌት ተቀን ተማሩ። ከሦስት ወር በኋላ አንጎላቸው ሲታይ ለማስታወስ የሚያገለግለው ክፍልና በግራው በኩል ያሉ የቋንቋ ቦታዎች አድገው ተገኙ። ሌላ ትምህርት ጠንክረው ያጠኑ ተማሪዎች ላይ ይህ ለውጥ አልታየም። ውጤቱ የታተመው በ2012 ነው።

ከአገራችን ምሳሌ ከተፈለገ አንኮበር አለላችሁ። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ሉድቪግ ክራፕፍ በ1839 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋ ሲመጣ ወደ ሠላሳ የሚጠጋ ጎልማሳ ነበር። እዚሁ ተቀምጦ ኦሮምኛ ተማረ። በ1840 ስለ ኦሮምኛ ሰዋስው ያዘጋጀው ጽሑፍ ለንደን ውስጥ ታተመ። መተግበሪያም መዝገበ ቃላትም አልነበረውም። ቋንቋውን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩት።

አማርኛ ተናጋሪ አንጎሉ ከፈረንጅ ይለያል?

በአፈጣጠር አይለይም። የምንናገረው ቋንቋ ግን በአንጎል የነርቭ መስመሮች ላይ አሻራ ይተዋል። በጀርመን ላይፕሲሽ የሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች ዐረብኛ ተናጋሪዎችን ከጀርመንኛ ተናጋሪዎች ጋር አነጻጽረው በ2023 እንዳሳዩት፣ በዐረብኛ ተናጋሪዎቹ ላይ በግራና በቀኝ መካከል ያለው ግንኙነት ይበልጥ የጠነከረ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ሥራቸው ደግሞ ዐረብኛ ተናጋሪዎች ጀርመንኛን ለስድስት ወር ሲማሩ ይኸው መስመር እንደተለወጠ አሳየ። ዐረብኛ እንደ አማርኛ ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ ግሱም ከሥር ፊደላት ይረባል። ያው ነገር በእኛ ላይም ይሠራል ብዬ ግን አልደፍርም። በአማርኛ ተናጋሪዎች ላይ እንዲህ ያለ ጥናት ቢደረግ ግን እንዴት ደስ ባለኝ!

ማንበብስ? አዋቂ ሆኖ ፊደል የቆጠረ ሰው አንጎሉ ይለወጣል?

ይለወጣል። በግራው አንጎል ከታች በኩል ፊደል ለይቶ የሚያነብ ቦታ አለ። በ2010 በብራዚልና በፖርቱጋል 63 ሰዎች ተጠኑ። ከእነሱ ውስጥ 22ቱ ማንበብ የተማሩት በጉልምስናቸው ነው። በእነሱም ላይ ያ ቦታ ለፊደል ሥራ ይዞ ተገኝቷል። ጎልማሶች ትምህርት ለሚገቡ እናቶች ይህን ንገሯቸው።

የአብነት ተማሪ በዜማ ያጠናል። ይህ ይጠቅማል?

ይመስለኛል፣ በጣም። ውርድ ንባብና ቁም ንባብ እያለ ዳዊት የሚደግም ልጅ ቃሉን ከምቱና ከዜማው ጋር አጋጥሞ ይይዛል። ቃሉ በአብዛኛው ግራውን፣ ዜማው በአብዛኛው ቀኙን ያሠራል። በዜማ የተያዘ ነገር እንደማይለቅ በልጅነቱ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። እንግሊዝኛ መምህራንም ቢቀስሙት ጥሩ ነው። ቃል በተናጠል ከማሸምደድ ዓረፍተ ነገሩን ከነምቱ ጮክ ብሎ ማለት ይሻላል። ግን ትርጉሙ አብሮ ይምጣ። ሳይገባ የሚነበብ ንባብ ግማሽ ትምህርት ነው።

የምልክት ቋንቋስ በእጅ ስለሆነ በቀኙ ነው?

አይደለም። እሱም በዋናነት በግራው ነው። ግራው የተጎዳበት መስማት የተሳነው ሰው የምልክት ቋንቋው ይሰናከላል። ግራው የሚወደው ድምፅን ብቻ ሳይሆን ቋንቋን ነው ማለት ይቻላል።

ግራ አንጎልን የሚያጠነክር ልምምድ ወይም መተግበሪያ አለ?

የለም። ገንዘብዎን አያባክኑ። በየቀኑ ጥቂት ማጥናት፣ የተማሩትን መጽሐፍ ዘግቶ ለማስታወስ መሞከር፣ ከሰው ጋር ማውራትና በቂ እንቅልፍ መተኛት ይበቃል።

አባቴ ስትሮክ መቷቸው አፋቸው ተያዘ። ቀኝ እጃቸውም አይታዘዝም። ቋንቋቸው ይመለሳል?

ቀኝ እጅና ንግግር አብረው ከተያዙ አደጋው ብዙ ጊዜ በግራው አንጎል ላይ ነው። በዚህ ጉዳት የሚመጣው የቋንቋ ችግር አፌዝያ ይባላል። አእምሯቸው ጠፍቷል ማለት አይደለም። እንደ ሕፃን አያናግሯቸው፤ በእሳቸው ፊትም ስለ እሳቸው እንደሌሉ አድርጋችሁ አታውሩ።

ብዙዎች በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይሻላቸዋል። በልጆች ላይ ነገሩ የበለጠ ያስደንቃል። በተወለዱበት ሰሞን ግራቸው የተጎዳ ሕፃናት ቋንቋቸውን በቀኙ አደራጅተው በደንብ ሲናገሩ ታይቷል። በአዋቂ ላይ ይህን ያህል ባይሆንም ተስፋ አለ። «ውሃ» ማለት ያቃታቸው ሰው «አባታችን ሆይ»ን ወይም የለመዱትን መዝሙር ከዳር እስከ ዳር ሊሉ ይችላሉ። ይህን መነሻ ያደረገ ሕክምና ከ1973 ጀምሮ አለ። የዕለት ንግግርን በዜማና በምት፣ በግራ እጅ መታ መታ እያደረጉ ማለማመድ ነው። ለሁሉም አይሠራም፤ ለብዙዎች ግን ረድቷል። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ከተገኘ ይሂዱ። እስከዚያው አጭር አጭር ጥያቄ ይጠይቋቸው፣ ለመልሱ ጊዜ ይስጧቸው፣ ዕቃውን እያሳዩ ያስመርጧቸው።

ሌላ ሰው ላይ እንዲህ ሲሆን ካዩ ደግሞ፦ ፊቱ ድንገት ወደ አንድ ጎን ከተጎተተ፣ አንድ እጁ ከወደቀ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ፣ «ምች ነው» ብላችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። ጸሎቱም ጠበሉም ይደርሳል። በዚያው ሰዓት መኪና ፈልጋችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ሲጀምረው ስንት ሰዓት እንደነበርም ለሐኪሙ ንገሩ።